ሉጥፊ ገና እየፈተሸ ነው

ሥራውን ጨርሶ የማያስረክብ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ልብስ ሰፊ ከሆነ የሙሽራውን ሱሪ ከሠርጉ በኋላ ያደርሳል፤ ግንበኛ ከሆነ ጣሪያው ሳይመታ ክረምት ይገባል። ለሱዳኗ ገዳሪፍ የደረሳት ክቡር መሐንዲስ ሉጥፊ ነው፤ ስልክ ጠጋኝ።

«ጨረስህ?» ሲሉት «ጨርሻለሁ፤ መፈተሽ ብቻ ነው የቀረኝ» ይላል። ይቺ «ብቻ» ሦስት ወር ትፈጃለች።

እኔ የከተማዋ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። በሾዋክና በመንደር 8 መጠለያዎች በደብተር የተመዘገቡ የስደተኞችን ስም ሰብስቤ ሰጠሁት፤ ዘመድ የጠፋበት ሰው ሲመጣ ቶሎ እንዲገኝ ብዬ። እሱም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን የፕሮግራም ላይብረሪ ይዞ ስሞቹን ላፕቶፑ ላይ ፋይል ውስጥ ከተተ፤ በፊደል ተራ የተደረደረ ማውጫም ሠራለት።

«ያለ ማውጫ ሃያ ደብተር መግለጥ ነው። ማውጫ ካለው ገጹን ከፍቶ ይሰጥዎታል» አለኝ።

«እንግዲያው ሰው ልጥራ?»

«ኧረ ጋሽ ያረጋል! ገና አልፈተሽሁትም።»

በዓለም የሌሉ አሥር ሺህ ሰዎች ፈጠረ። «ሙከራ አንድ፣ ሙከራ ሁለት» ብሎ ስም አወጣላቸው። አስገባቸው፣ ፈለጋቸው፣ ሰረዛቸው፤ ከሰረዛቸው በኋላም አሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንድ ቀን ደግሞ ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ ባትሪው የሞተውን የላፕቶፕ ገመድ መንጭቆ ነቀለው።

«ምን ነካህ?» ብዬ ጮህሁ።

«መብራት ሲጠፋ መቼ ያስፈቅደኛል?»

የከፋው የወይዘሮ ለተሃይማኖት ነገር ነው። ድንበር ሲሻገሩ የተጠፋፉትን ወንድማቸውን ሃፍቱን ፍለጋ በየቀኑ ይመጣሉ። ሉጥፊ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» ይላቸዋል። የእሱ ነገ ግን አይነጋም።

አንድ ዓርብ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄድ ትዕግሥቴ አለቀ። እኔው ተቀምጬ «ሃፍቱ» ብዬ ጻፍሁ። አልተገኘም። ደገምሁ፤ አልተገኘም።

«የለም፣ እናቴ» አልኋቸው።

አልጮኹም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሉጥፊ ተመልሶ ሲያያቸው ፊቱ ተለወጠ። «ማነው የለም ያላቸው?»

«ፋይልህ።»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! በየትኛው ሃ ጻፉት?»

«በሃሌታው።»

«መዝጋቢው በሐመሩ ጽፎት ቢሆንስ? ለማውጫው እኮ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው!»

ወንበሩን ለቀቅሁለት። ሉጥፊ ሦስቱን ሀ እንደ አንድ፣ ሁለቱን ሰ እንደ አንድ እንዲያይ አድርጎ ማውጫውን እንደ አዲስ ሠራው። ሲፈልግ «ሐፍቱ» ከነስልክ ቁጥሩ መንደር 8 ተገኘ። ደወልሁ።

«መጀመሪያ የእናቱን ስም ይጠይቁት፤ ሌላ ሃፍቱ ሊሆን ይችላል» አለ ሉጥፊ።

ወይዘሮ ለተሃይማኖት ስልኩን ተቀብለው በትግርኛ ጠየቁ። ሰውየው የእናቱን ስም አልተናገረም። በቁልምጫ ስማቸው «ለተይ?» ብሎ ጮኸ። እሳቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። መሐንዲሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔም ለማንም ያልነገርሁት ነገር ነበረኝ። በሳምንቱ የጠፋችብኝን የታናሽ እህቴን የወርቅውሃን ስም ሹክ አልሁት። ከአራት ቀን በኋላ ቤቴ ድረስ መጣ።

«አንድ ላይም ጻፍሁት፣ ነጥዬም ጻፍሁት። በዚህ ፋይል ውስጥ የለችም» አለኝ።

ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላው ነበር። እሱን ግን አመንሁት።

«ፋው መጠለያ ያሉትን ስደተኞች ገና ማንም አልመዘገባቸውም» አለ፣ ጫማውን እያየ።

በማግስቱ ባዶ ደብተር ይዤ የፋው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።