እትዬ ራዊያ ፖድካስት ሲሰሙ

የሰማውን ሁሉ የሚያምን ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ምንም የማያምንም አይጠፋም። ወሬን እንደ ተከሳሽ አቁሞ የሚመረምር ግን በአንድ ከተማ አንድ ቢገኝ ነው። ለቆቦ የደረሱን፣ ገበያው መግቢያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡት ክብርት ወይዘሮ ራዊያ ናቸው።

ስልካቸው ከመደባቸው ባላ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያወራ ይውላል። ዘፈን አይደለም፣ ዜናም አይደለም፤ ፖድካስት ነው። ጋዜጠኞች አገር ላገር ዞረው የሰው እውነተኛ ታሪክ ይሰበስቡና በድምፅ ይተርኩታል። ሌላው ሰው ይሰማዋል፤ እትዬ ራዊያ ይሟገቱታል።

«ቁም!» ይሉታል ጋዜጠኛውን፣ ጣታቸውን ስልኩ ላይ ጫን አድርገው። «ይሄ አይን ነው ጆሮ? አይተህ ነው ሰምተህ?»

ጋዜጠኛው ከስቱዲዮው ሆኖ አይመልስላቸውም። እሳቸው ግን ለመልስ ጊዜ ሰጥተው ይጠብቁታል። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት የጠየቅኩት እኔም ልጄን ኢቅራን አዝዬ አብሬ እጠብቃለሁ።

«እትዬ፣ ድስቱን እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

«አብሽሪ ነሲባ፣ ሽንኩርቱ የትም አይሄድም። የታሪኩ ሌባ ግን ሊያመልጠን ነው።»

ይሄ አመል ከአባታቸው የወረሱት ነው። አባታቸው ግመል ሊገዙ ወደ አፋር ሲወርዱ ትንሿን ራዊያን ያስከትሉ ነበር። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ የሚለውን ወሬ ይለዋወጣል፤ ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ፣ ከማን እንደሰማ ጭምር ይናገራል። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው መሳቂያ ነው። እትዬ ራዊያም እንግዲህ የአገሩን ጋዜጠኛ ሁሉ በዚህ ሕግ ነው የሚዳኙት።

አንድ ቀን አንድ ልጅ እናቱን ከሃያ ዓመት በኋላ ሲያገኛት የሚተርክ ፖድካስት መጣ። ቲማቲም ሻጮቹ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። እትዬ ራዊያ ሽንኩርት እየላጡ እንኳ አይናቸው ደረቅ ነው።

«እናትየዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ምን በልታ አደረች? ብሎ የጠየቃት አለ? የልጁን እንባ ብቻ ቀድቶ ሄደ! ደግሞ ሙዚቃው ከሰውየው ቀድሞ ካለቀሰ፣ ነገሩ ውስጡ ባዶ ነው በይኝ።»

እውነቴን ነው፣ ያኔ ጥሩ ታሪክ የሚያበላሹ ይመስለኝ ነበር። ሰው አንዳንዴ ዝም ብሎ ማልቀስ ያምረዋል። እናም አንዳንድ ቀን ሽንኩርቴን ከወዲያኛው መደብ ገዝቼ እመለሳለሁ።

ከዚያ የወንድሜ የዒምራን ነገር መጣ። ዒምራን ዒድ ባለፈ በሳምንቱ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ወጣ። ድምፁ ከጠፋ ሁለት ወር ሊሞላ ሲል፣ ባጃጅ ነጂው ሙላው ሞተሩን ሳያጠፋ ግቢያችን ገባ። ስልኩ ላይ ከአንድ ፖድካስት ተቆርጦ የተላከለት የአንድ ደቂቃ ድምፅ አለ። ከሰጠመ ጀልባ የተረፈ ሰው ነው የሚናገረው፦ «ውሃውን ለኔ ሰጥቶ ነው የሞተው። የቆቦ ልጅ ነው። ስሙ ዒምራን ነው።»

እናቴ እንደቆመች ወደቀች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ግቢውን ሞላው፤ ድንኳን መጣ። እኔ ኢቅራን ለማን እንደሰጠኋት እንኳ አላውቅም።

እትዬ ራዊያ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ደረሱ።

«ገመዱን ልቀቁ!» አሉ ድንኳን የሚወጥሩትን። «ማን አየ?»

«እትዬ፣ ሰውየው ራሱ በአንደበቱ ሲናገር ሰማን እኮ!» አለ ሙላው።

«አንተ ዝም በል! ጅራቱን ይዘህ መጥተህ ግመል አየሁ ትላለህ? ሙሉው የታለ?»

ሙሉው አርባ ደቂቃ ነበር። ለቀስተኛው መሀል ስልኩን ባለ ሦስት እግሯ ዱካ ላይ አስቀምጠው ከመጀመሪያው ከፈቱት።

«ኧረ በአላህ! እናቲቱን ሊገድሏት ነው እንዴ?» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ሞቱን ሳናውቅ ልጇን ስንቀብርባት ነው የምትሞተው» አሉ እትዬ ራዊያ፣ ቀና ሳይሉ።

ጠጠር ለቀሙ። የታየውን በቀኝ፣ የተሰማውን በግራ ሊያስቀምጡ ነው። ሰውየው «ስሙን ከባሕር ከወጣን በኋላ ሌሎቹ ናቸው የነገሩኝ» ሲል አቆሙት። አንድ ጠጠር በግራ። «ረጅም ነው፤ ግራ እጁ ላይ የእሳት ጠባሳ ነበረው፤ ውሃውን ሲዘረጋልኝ አይቼዋለሁ» ሲል በቀኝ። የኔ ወንድም ሲወጣ ጠባሳ አልነበረውም፤ ግን ተስፋ ለማድረግ ፈራሁ። ሁለት ወር ብዙ ነው፤ ሰው በሁለት ወር መንገድ ላይ ምን እንደሚያገኘው ማን ያውቃል?

ከዚያ ሰውየው ቀጠለ፦ «የሰጠምን ለት ረመዳን ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ጀልባው ላይ ፆመኞች ነበርን።»

እናቴ ከተኛችበት ቀና አለች።

«ታዲያ ለዒድ ፍየሏን ያረደልኝ ማነው?»

ዒምራን ከዒድ በኋላ ነው የወጣው። ወዲያው አንዷ እልልታዋን ለቀቀችው። እትዬ ራዊያ እጃቸውን አነሱ።

«እልል የምትይው በማን ልጅ ነው? ውሃውን ሰጥቶ የሞተ ልጅ አለ። ይሄኛው ታይቷል።»

የተነሳው ሰው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ። ለማናውቀው ልጅ ዱዓ ተደረገ። እናቴ ከማንም በላይ ድምፅ አውጥታ «አሚን» ትል ነበር።

ዒምራን በአሥራ አንደኛው ቀን ከሳዑዲ፣ ከጂዛን ደወለ። ደህና ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ካርዱ ሊያልቅበት ነው። እኛ አረፍን። እትዬ ራዊያ ግን አላረፉም።

«አንች አሥረኛ ክፍል የጨረስሽ፣ ደብተር ያዥ» አሉኝ።

ለዚያ ፖድካስት ጋዜጠኛ፣ የሞተው የኛ ዒምራን እንዳልሆነ በቴሌግራም ጻፍኩለት። «የተረፈውን ሰው ደግሜ እጠይቀዋለሁ» ብሎ በማግስቱ መለሰ፤ እትዬ ራዊያም ለመጀመሪያ ጊዜ «ይሄስ ሰው ነው» አሉት። እስከዚያው እኛ በየገበያው ቀን ከጎብዬም ከዋጃም የሚመጣውን ሴት ሁሉ እናቆማለን፦ ከዒድ በፊት ወጥቶ ድምፁ የጠፋ፣ ረጅም ልጅ ያለው ማነው? ጠባሳውን እኛ አንናገርም። ሰው «ሁለቱ ፖሊሶች» እያለ ይስቅብናል። እኔም ልጄን አዝዬ ደብተሬን ይዤ ስዞር አንዳንዴ በራሴ እስቃለሁ። ግን ቀርቼ አላውቅም።

ባለፈው ገበያ አንዲት የዋጃ ሴት ቲማቲሟን እያወረደች ስንጠይቅ ሰማችን።

«የኔ ልጅ ረጅም ነው» አለች። «ግራ እጁን ሕፃን ሆኖ ነው እሳት የበላው። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ... እኔ ነኝ ብቻውን የተውኩት።»

ብዕሬን እንደያዝኩ እትዬ ራዊያን አየኋቸው። ስልኩን ከባላው አወረዱና አጠፉት። ከተቀመጡበት ጆንያ ተነስተው ሴትየዋን አስቀመጧት፤ እሳቸው መሬቱ ላይ፣ እግሯ ሥር ቁጭ አሉ።

«ስለ ልጅሽ ንገሪኝ፣ እህቴ» አሉ። «ከተወለደበት ቀን ጀምረሽ።»

አንድ ሰውዬ ሽንኩርት ሊገዛ መጥቶ ሊጣራ አፉን ሲከፍት፣ ማንም እንዳያቋርጣቸው ተነስቼ ሚዛኑን እኔ ያዝኩ።