ጋሼ ታደሰን ይዤ አሸዋው ላይ የቀረሁበት ቅዳሜ

እናንተዬ፣ ዛሬ እኔን ለማዳን ጀልባ መጣ!

አትደንግጡ፣ ደህና ነኝ። ያልተረፈው ስሜ ብቻ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የእግር ጉዞ ግሩፓችንን ታውቁታላችሁ አይደል? ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ እየለጠፍኩ የማሰለቻችሁ። ዛሬ ፕሮግራሙ ባሕሩ ዳር፣ ቼሳፒክ ቤይ ነበር። በጫካው አልፈን ውሃው ዳር እንወርዳለን፣ ምሳ በልተን እንመለሳለን። በቃ።

ሁሌ የሚመራን ዳዊት ግን ጠዋት በድንገት ሥራ ተጠራ። "ማን ይምራ?" ሲባል እጇን ያወጣችው ማን ትመስላችኋለች?

"እኔ አውቀዋለሁ!" አልኩ። አንዴ ሄጄበታለሁ። እሱንም ከኋላ ከኋላ፣ ሴልፊ እየተነሳሁ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ጋሼ ታደሰን ይዣለሁ!

ጋሼ ታደሰ የጓደኛዬ የሄለን አባት ናቸው። የልብ ኦፕሬሽን ካደረጉ ወዲህ አስፐን ሂል ካለው ቤቷ ንቅንቅ ብለው አያውቁም። ሶፋ፣ ቲቪ፣ ዝም። ዶክተሩ "ይራመዱ" ቢልም እምቢ። ለምኜ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ሄለን መኪናዬ ድረስ መጥታ "ሰብሊ፣ አደራሽን። አባዬን ካንቺ ሌላ ለማንም አልሰጥም ነበር" አለችኝ።

"ኧረ ሄሉ! ምን ይሆናሉ፣ ወክ ነው እኮ!" አልኳት።

ምነው ያኔ አፌን በያዘልኝ!

ዳርቻው ጋ ስንደርስ ውሃው መሃል ድረስ የገባ ቀጭን የአሸዋ መንገድ አየሁ። ጫፉ ለፎቶ ሲያምር! "ምሳ እዚያ ነው!" ብዬ አዘዝኩ። ሁሉም ተከተለኝ። ሳንድዊች በላን፣ ቆሎ ቆረጠምን፣ ወሬው ደራ።

ከዚያ ጋሼ ታደሰ ቀስ ብለው "ልጄ፣ ይሄ ውሃ ቅድም እዚህ ነበረ እንዴ?" አሉኝ።

ዞር አልኩ።

መንገዱ የለም!

የመጣንበት አሸዋ ላይ ውሃ ገብቶበታል። ባሕር ሰዓት ጠብቆ ከፍ ዝቅ እንደሚል ሰምቻለሁ፣ ግን ምሳዬን እስክጨርስ የሚጠብቀኝ መስሎኝ... ምን ልበላችሁ።

ዋና አልችልም። ጋሼም አይችሉም። ዓይኔ ላይ የመጣው የሄለን ፊት ብቻ ነው። "አባዬስ?" ስትለኝ።

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ!" ብዬ ጮህኩ። አብራን የነበረችው ትዕግሥት "ቀስ ብለን ብንሞክረውስ?" ስትል "ልትገድያቸው ነው?!" ብዬ አፏን አስዘጋኋት። ከዚያ ለድንገተኛ እርዳታ 911 ደወልኩ።

"ልንሰምጥ ነው!"

ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ረጋ ብላ "ውሃ ውስጥ ናችሁ?" አለችኝ።

"አሁን አይደለንም! ግን ልንገባ ነው!"

ጀልባዋ እስክትመጣ ያልተሳልኩት ስለት የለም። የጋሼን እጅ ጭምቅ አድርጌ ይዤ "ይተንፍሱ ጋሼ፣ አይጨነቁ" እላቸዋለሁ። እሳቸው "እኔስ ደህና ነኝ፣ አንቺ ተንፍሺ እንጂ" ይሉኛል።

ሳይረን! ቀይ ጀልባ! እንባዬ መጣ።

ጀልባዋ ግን ራቅ ብላ ቆመች። ለምን መሰላችሁ? ውሃው አልበቃትማ! ሁለት ሰዎች ዘለው ወረዱና ቆሙ።

ውሃው ጉልበታቸው ጋ እንኳን አልደረሰም።

እየተራመዱ መጡ። እየተራመዱ!

ልክ በዚያች ደቂቃ ኳስ የተወረወረለት አንድ ውሻ ከዳር እየሮጠ መጥቶ፣ ኳሱን አጠገባችን ለቀም አድርጎ፣ እየሮጠ ተመለሰ። ሆዱ ብቻ ነው የራሰው።

ጋሼ ታደሰ ውሻውን አዩ። እኔን አዩ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ገቡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

እኔስ? "ላይፍ ጃኬት ካልሰጣችሁኝ አልገባም!" አልኩ እንጂ። ብርቱካንማውን ጃኬት እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ የአንደኛውን ሰውዬ ክንድ አንቄ፣ ውሃው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር "በስማም!" እያልኩ ወጣሁ። ዳር የቆመው ሰው አጨበጨበልኝ። ቪዲዮ የቀረጸም አለ። ካያችሁት ሼር አታድርጉት፣ በእናታችሁ!

እንደወጣን የሁለታችንንም ደም ግፊት ለኩን። የጋሼ ጥሩ ነው። የኔን ሲያዩ ግን "አንቺ ብትቀመጪ ይሻላል" አሉኝ።

ከዚያ ለሄለን ኮል አደረግኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

"አባዬን ስጪኝ" አለች።

ጋሼ ስልኩን ተቀብለው "ልጄ፣ ጀልባዋ መጣች..." ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው። ሳቅ! ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ። "ከዚያ ደግሞ... ውሻው..." አሁንም ሳቅ።

ስልኩ ወደኔ ሲመለስ ሄለን እያለቀሰች ነው።

"ሰብሊ፣ አባዬ እየሳቀ ነው እኮ! ከኦፕሬሽኑ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።"

እኔም ፓርኪንጉ ላይ ዘርፈጥ ብዬ አለቀስኩ። እፎይ! ማንንም አልገደልኩም!

ግሩፑ እዚያው ለሚቀጥለው ቅዳሜ መሪ መረጠ። ጋሼ ታደሰን! በአንድ ድምፅ! ቦታውን ራሳቸው ወሰኑ፤ እዚሁ ቅርባችን ያለችው አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር፣ አስፋልት ላይ። "ሰብለ እንዳትፈራ ብዬ ነው" አሉ፣ ኮስተር ብለው።

እስቲ አሁን የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ ለትልቅ ሰው ዋና የሚያስተምር አለ? ብዙ ጥልቀት አልፈልግም። እስከ ቁርጭምጭሚት ይበቃኛል።