አልጋዬ ስር የተቀመጠው ገጀራ

እኛ አገር ሰው ሁሉን መከላከል ያውቅበታል። በቆሎውን ከከርከሮ፣ ቡናውን ከጦጣ፣ ቤቱን ከማያባራው ዝናብ ይጠብቃል። ወልዶ ካሳደገው ልጅ ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ግን የነገረው የለም። ቢጠይቅስ ማንን ይጠይቃል? «ልጄን ፈራሁት» ብሎ ቀበሌ የሄደ ወላጅ እናንተ አይታችኋል? እኔ አላየሁም።

አማን ከተማ ውስጥ በቆርቆሮ አጥር የምንዋሰነው ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ግን ዘዴ ነበራቸው። የሠላሳ ዓመቱ ልጃቸው የደምሴ ፊት ሲከብድ ባዩ ቁጥር፣ የቡና ማሳ መመንጠሪያውን ገጀራ በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ እኔ ይመጣሉ። «ጋሽ ታደሰ፣ እስከ ነገ ይቀመጥልኝ» ይላሉ፤ አልጋዬ ስር እከተዋለሁ። አንድ ቀን ክንዳቸው ተሰብሮ መጡ። «አዳልጦኝ ነው» አሉኝ። ገጀራውን በደህናው እጃቸው ይዘውታል። ደምሴ ታዲያ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው።

በመጨረሻ እኛ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰብን። ፖሊስ የሚል ቃል ያነሳ የለም፤ ገበና ነዋ! ጥቂት አጉተምትመን የአገሩን መድኃኒት አዘዝን፤ «ይዳር፣ ሚስት ስትገባ ይገራል።» በማን ገላ ላይ እንደሚገራ ግን ማናችንም አልጠየቅንም። ጌጫ ድረስ ሄጄ ምሕረት የምትባለውን ልጅ ከአባቷ የለመንኩት እኔው ነኝ። «ጠባዩስ?» ሲሉኝ «ታላቅ አክባሪ ነው» አልኩ። አልዋሸሁም። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ሙሽሮቹ ከገበያው ማዶ ቤት ተከራይተው ወጡ። የእትዬ አስካለ ክንድ ዳነ፤ ፊታቸውም ወዛ። እኛም ጥሩ ሥራ እንደሠራ ሰው እጃችንን አራግፈን ተቀመጥን።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ምሕረት ናት። ከንፈሯ አብጧል። በነጠላዋ የጠቀለለችውን ነገር ሳትፈታው አወቅሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ይቀመጣል ብለው እማማ ናቸው የነገሩኝ።»

እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። ያን ሁሉ ዓመት ብረቱን ስንደብቅ፣ የእናቱን ክንድ የሰበረው ግን ባዶ እጁ ነበር።

«እሱን ተይውና አንቺ ግቢ» አልኳት። «ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። የማውቀውን ሁሉ እመሰክራለሁ።»

ገጀራውን ደጃፌ ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህንንማ ጋሼ፣ ጌጫ የመጡ ለት ነበር ለአባቴ መመስከር።»