ሰባተኛው መደርደሪያ

[የማስታወሻ ቺፕ የሚሠራበት ድርጅት ዕቃ ቤት። ረፋድ። ኢንጂነሩ፣ እሱ ካላዘዘ ፀሐይ የማትወጣ የሚመስለው ሰው፣ ባዶውን ሰባተኛ መደርደሪያ ይዳብሳል። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጋሼ ቸኩሎ አያውቅም፤ ዛሬም አይጀምርም።]

ኢንጂነሩ፦ ቺፑን ሰባት ላይ ያስቀምጡልኝ አላልኩም? የለም እኮ።

ጋሼ፦ አለ እንጂ።

ኢንጂነሩ፦ ባዶ ነው ጋሼ።

ጋሼ፦ ባዶማ ነው። ምስጥ የበላው ጣውላ ላይ ዕቃ ይቀመጣል? ወረቀቱን አንብበሃል?

ኢንጂነሩ፦ የምን ወረቀት? እኔ ቁጥር ነው የማየው። ስድስት ሰዓት ላይ ቺፑን ይዤ የፈጠራ መዝጋቢው ፊት ካልቆምኩ የሦስት ዓመት ልፋቴን ውሃ በላው።

ጋሼ፦ ለመሆኑ ምኑን ነው የፈጠርከው?

ኢንጂነሩ፦ [ለማስረዳት ሁልጊዜ ጊዜ አለው] ቺፑ ውስጥ መረጃ የሚቀመጥባቸው እልፍ ትንንሽ ጎጆዎች አሉ። አንዷ ከተበላሸች ሙሉው ይጣላል።

ጋሼ፦ ለአንዷ ብሎ? ግፍ ነው።

ኢንጂነሩ፦ እኔ ጥግ ላይ ተጠባባቂ ጎጆዎች ሠራሁ።

ጋሼ፦ እስኪጠሩ ምን ሲሠሩ ይውላሉ?

ኢንጂነሩ፦ ምንም።

ጋሼ፦ እንደኔ ናቸው በለኛ።

ኢንጂነሩ፦ ጋሼ፣ ያዳምጡኝ። የተበላሸችው ጋ ምልክት አለ። የመጣው ሁሉ ወደ ተጠባባቂዋ ይላካል።

ጋሼ፦ በቃ? ይኸው ነው?

ኢንጂነሩ፦ ማንም አስቦት አያውቅም። [ቅጽ ያወጣል] «ከዛሬ በፊት ሲሠራበት አላየሁም» ብሎ የሚፈርም ምስክር ያስፈልገኛል። እርስዎ ይፈርሙልኝ።

ጋሼ፦ በስተርጅና በሐሰት አልፈርምም።

ኢንጂነሩ፦ ምን ሐሰት አለው?

ጋሼ፦ ወረቀቱን አንብበው አልኩህ።

[ኢንጂነሩ እየተነጫነጨ ጎንበስ ይላል። መደርደሪያው ላይ የቢጫ ወረቀት ቁራጭ ተለጥፏል።]

ኢንጂነሩ፦ «ሰባት ተበላሽቷል። የሰባት ዕቃ ሠላሳ አንድ ላይ ነው።»

[ጥጉ ጋ ያለውን ሠላሳ አንድን ያያል። ቺፑ እዚያ ተቀምጧል። ያነሳዋል፤ ደስ ግን አላለውም።]

ኢንጂነሩ፦ ይሄን... መቼ ለጠፉት?

ጋሼ፦ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አሥራ ስምንትንም ወደ ሠላሳ ሁለት ልኬዋለሁ። ጥግ ላይ ያሉት ለዚሁ የተቀመጡ ናቸው።

ኢንጂነሩ፦ [ቀስ ብሎ ይቀመጣል] እንግዲያ አለቀልኝ።

ጋሼ፦ ምን ያልቅብሃል? እስክሪብቶውን አምጣ፣ ልፈርም።

ኢንጂነሩ፦ ይመሰክሩልኛል?

ጋሼ፦ የለም። እኔ «የፈጠራው ባለቤት» የሚለው ላይ ነው የምፈርመው። ምስክሩ አንተ ነህ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ስታልፍ፣ ከዛሬ በፊት አላየኸውም።