ቅቤ የተቀባች ቱርቦ

ትንንሾቹ የልጅ ልጆቼ «አኮ፣ የገመቹን ቱርቦ መኪና ታሪክ ንገሪን» ብለው ያዙኝ። አኮ ማለት አያት ነው፤ ታዲያ አያት እንዴት እምቢ ትላለች?

የነቀምት ጎረምሳ መኪና ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትልቁ የልጅ ልጄ ገመቹ ሚስቱን በአንድ እሁድ መረጠ። ለሞተሩ የአየር ማጣሪያ ለመምረጥ ግን ሁለት ወር ፈጀ! የወረቀቱ ትንፋሽ ያፍናል፣ የስፖንጁ አቧራ ያሳልፋል ሲል ከርሞ፣ በመጨረሻ ቀይ የጥጥ ማጣሪያ እንደ ሕፃን አቅፎ መጣ።

«አኮ፣ ይሄ እየታጠበ ዘይት ይቀባል! መኪናዋ ትበራለች!»

መብረርማ ነበረባት። ሽማግሌዎቹን ለሽምግልናው አርፍዶ ስላደረሰ፣ አኖ ከተማ ያሉት አማቾቹ ለሠርጉም ካረፈደ በሩን እንዘጋለን ብለው ምለዋል።

በሠርጉ ጠዋት ማጣሪያው ታጥቦ፣ ደርቆ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ዘይት ብፈልግ የለም። እንግዲህ የሙሽራ አናት በምን ይቀባል? ቅቤ አቅልጬ ጥግብ አድርጌ ቀባሁት፤ መረቅሁትም።

«አኮ፣ ጉድ ሠራሽኝ!» አለ ገመቹ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ። ማጣሪያውን ሊገጥም የመጣው መካኒክ ቶለሳ ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ማጣሪያውን ተቀበለኝ፤ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና ኮፈኑን ዘግቶ «ሂዱ!» አለን።

ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ እንዴት በረረች! አኖ ስንደርስ አማቾቹ ገና ልብሳቸውን እየለበሱ ነበር። «የቅቤው ነው!» ብዬ እልል አልኩ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ መኪናውን ላስመርቅ እያለ ደጄን ሞላው።

ከዓመታት በኋላ ቶለሳ ጋራዥ ጎራ ስል፣ ቀዩ ማጣሪያ ቅቤው ደርቆበት ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ለካ ያን ቀን የበረርነው ቶለሳ መልሶ በገጠመው በአሮጌው የወረቀት ማጣሪያ ኖሯል።