ቃጫው ሳይደርስ

ስቴኪኒ ደርሶ ሩዝ የቀረበት ሰርግ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ስቴኪኒው የወጣው ከእኔ መጋዘን ነዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ወልቂጤ ከአባቴ ከዘበርጋ የወረስኩት የጅምላ መደብር አለኝ። ቡታጅራ ደግሞ የአባቴ ወዳጅ ሐጂ ኑረዲን ሱቅ አላቸው። ድሮ በርበሬ ከእሳቸው ወደ እኛ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ሸቀጥ ከእኛ ወደ እሳቸው ይሄዳል። ትእዛዙ የሚመጣው በኮምፒውተር ነው። የሐጂ ልጅ የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ ፋይል ይልካል፤ የእኛ ሲስተም ይቀበልና ሰው ሳይነካው የጭነት ትእዛዝ ያወጣል። ሠራተኛው ይጭናል፣ መኪናው ይሄዳል። ለእኔ የቀረኝ ሻይ መጠጣት ነው። ሥልጣኔ ይሏችኋል ይሄ ነው!

ታዲያ ይህ ሲስተማችን የራበው እንግዳ ዐመል ነበረበት። ፋይሉ ገና ብቅ ሲል ይሻማል፤ ሙሉ ይሁን ግማሽ አይጠይቅም። ሐጂ የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ የሰርጉን ዕቃ አዘዙ። ፋይሉ እየተላከ ሳለ መብራት እንደ ልማዱ ሄደ። ግማሹ ወልቂጤ ገባ፣ ግማሹ ቡታጅራ ቀረ። ሲስተማችን የደረሰውን አነበበና «ተጠናቋል» ብሎ ዐረፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? የእኛዋ አፍሳ እንኳ አልለቀመችም።

በፋይሉ ከላይ የተጻፈው ስቴኪኒ፣ ሶፍትና የፕላስቲክ ብርጭቆ ነበር። ሩዙ፣ ዘይቱና ስኳሩ ከታች። በሰርጉ ዋዜማ ዕቃው ሲራገፍ የሐጂ ልጅ ደወለልኝ። «ወላሂ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ ብቻ ነው የላክህልን። እንግዳው ምን በልቶ ይጎርጉር?» አለኝ። መሳቅ አማረኝ፤ ግን የምን ሳቅ! ወሩ የሰርግ ወር ነው፤ ያን ሁሉ ሩዝ ቡታጅራ ላይ በአንድ ቀን ከየት ይለቅሙታል? ሐጂ ነገ በአገራቸው በመስቃን ሰው ፊት ባዶ ትሪ ሊያቀርቡ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በእኛ ምክንያት!

ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። ሐጂ በርበሬ ሲልኩ፣ ሁሉም ተጭኖ ካበቃ በኋላ በመጨረሻው ጆንያ አንገት ላይ አንድ ቁራጭ የእንሰት ቃጫ ይቋጥሩበት ነበር። «ጨርሻለሁ» ማለታቸው ነው። ጭነቱ አንዳንዴ በሁለት በሦስት መኪና ተከፋፍሎ ይመጣል። አባቴ ቃጫውን ሳያይ አንድ ጆንያ አይፈታም። ገበያተኛ ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ «ቃጫው ሳይደርስ ዕቃው አልደረሰም» ይላል። ሲደርስ ቋጠሮውን ፈትቶ ቃጫውን በሾፌሩ ይመልሳል። ሐጂም የተፈታውን ቃጫ ሲያዩ ልባቸው ያርፋል። አይ ጊዜ! በዚያች ቁራጭ ቃጫ ሁለት ከተማ ይተማመን ነበር። የዚያ በርበሬ ሽታ፣ አባቴ ጆንያ እየፈታ ሲያስነጥስ ቤቱ የሚናወጠው ነገር፣ እንዴት እንደሚናፍቀኝ!

ሩዙን ዘይቱን አስጭኜ እኔው ከሾፌሩ ጎን ገባሁ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ደረስን። ሐጂ በር ላይ ቆመዋል።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ፣ አፈር ልብላ» አልኳቸው። «በአባቴ ጊዜ ቢሆን ይሄ አይደርስብዎትም ነበር። ቃጫው ነበራ!»

ሐጂ ሩዙን አዩ፣ እኔን አዩና ሳቃቸውን ለቀቁት። «ልጄ፣ ቃጫው የጠፋ ጊዜ አባትህ ምን እንደሆነ አልነገረህም?»

አልነገረኝም። ለካ አንድ ጊዜ የመኪናው በር አልዘጋ ብሎ ሾፌሩ ቃጫውን ከጆንያው ፈትቶ በሩን አስሮበታል። በርበሬው በሙሉ ወልቂጤ ደረሰ። ለአባቴ ግን ቃጫው አልደረሰማ! በርበሬው ፊት ተቀምጦ ሲጠብቅ የገበያው ቀን አለፈ። ቃጫው ሳይመለስላቸው ሲቀር ሐጂ ጨንቋቸው ራሳቸው ወልቂጤ ወረዱ።

«ጆንያው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት» አሉኝ። «‹ምን ትሠራለህ?› ብለው፣ ‹አንተን እጠብቃለሁ› አይለኝም! እስከዚያ ቀን ደንበኛዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሆነ።»

እንባዬ መጣ። በበርበሬ እንዳላመካኝ ይዤ የሄድኩት ሩዝ ነው።

ሰርጉ አማረ፣ ሁሉም በልቶ ስቴኪኒውም ሥራ አገኘ። ስመለስ ሲስተሙን የሠራችልንን ሰላማዊትን ጠራኋት። ቀላል ነው አለች። ቡታጅራ ትልቁን ፋይል ልኮ ሲጨርስ አንድ ትንሽ ባዶ ፋይል ያስከትላል፤ የእኛው ያቺን ሳያይ ትልቁን አይነካም። ሲያነብም «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል።

«ምንም የሌለበት ፋይል?»

«ማለቁን ብቻ የሚናገር። ስሙን ማን ልበለው?»

ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ።

«ቃጫው ባይመጣስ? ሲስተሙ ዝም ብሎ ይጠብቅ?» አለችኝ። አባቴ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ ታየኝ። «ለእኔ መልእክት ይላክልኝ፣ እኔ እደውላለሁ» አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ፦ «ፋይሉ መጥቷል፣ ቃጫው አልመጣም።» ወዲያው ለሐጂ ደወልኩ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ አባቴ ማስነጠስ ስንጫወት ሻዬ ቀዘቀዘ። ስለ ፋይሉ አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። እንደገና ደወልኩ፤ እንደገና ተጫወትን።

ትናንት ሰላማዊት ደስ ብሏት መጣች። ቃጫው ከእንግዲህ ጨርሶ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ዘዴ አግኝታለች።

እባክሽ ተይው፣ አንዳንዴ ይጥፋ አልኳት።