ሽማግሌዎቹ ያልተቀመጡበት የመደብ ልብስ

አልሰረቅኩም አልኳችሁ እኮ!

"ሌባ ልብስ ሰፊ" እያላችሁ ኮመንት የምትጽፉ፣ ትንሽ ታገሱ። ቆርጬ ወሰድኩ እንጂ አልሰረቅኩም። ልዩነት አለው። የለውም? እሺ፣ አንብባችሁ ፍረዱ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንስማማ። ሞላሌ ገበያ ላይ እንደ እኔ መቀስ የሚይዝ የለም። ትምህርቱን ሳልጨርስ ነው የተውኩት፣ ሱሪ ግን በዓይኔ ለክቼ ነው የምቆርጠው። ይሄን ጠላቴም አይክድም።

ችግሬ መጨረስ ነው።

አንዱን ጀምሬ መሀሉ ላይ ስደርስ ስልኬን እከፍታለሁ። አንዷ ፈረንጅ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥማ አበባ የመሰለ አልጋ ልብስ ስትሰፋ አያለሁ። አለቀልኝ። የሰው ሱሪ አንድ እግሩ ተሰፍቶ አንዱ ይቀራል። የኮርቻ ልብስ ጀምሬያለሁ። የባጃጅ መጋረጃ ጀምሬያለሁ። ለስልኬ ኮት ጀምሬያለሁ፣ እጅጌ ያለው። ስልክ እጅ እንደሌለው አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ።

አሁን ወደ ዛሬው ጉድ።

አባባ ላቀው የክርስትና አባቴ ናቸው። ከገና በፊት ጥቁር የሱፍ ጨርቅ አምጥተው "በርኖስ ስፋልኝ" አሉኝ። የገዛ በጎቻቸው ጸጉር ነው። የፈተሉት ባለቤታቸው እማማ አስካለ ናቸው። ጥቁሩ ስላልበቃቸው መሀል መሀሉን ቡናማ ጣል አድርገውበታል። ፈትለው ጨረሱ፣ ሸማኔ ቤት ገባ፣ እሳቸው ሳያዩት አረፉ።

"ላንተ ሽምግልና የምሄደው እሱን ለብሼ ነው" አሉኝ አባባ።

ለእኔ! የምወዳትን ወይንሸትን ሊጠይቁልኝ!

እኔስ? ቆረጥኩ፣ ጀርባውን ገጣጠምኩ፣ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብላ የምትቆመው ጫፍ ብቻ ቀረች። ስልኬን ከፈትኩ። ፈረንጇ መጣች።

ለወይንሸት የመደብ ልብስ ጀመርኩላት። ያገሩ ቁርጥራጭ ሁሉ ገባበት፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ የሰው ሽርጥ፣ የሰው ኪስ። መሀሉ ላይ ግን ጥቁር ኮከብ አማረኝ። ቤቱ ውስጥ ያልተሰፋ ጥቁር ጨርቅ የበርኖሱ የትከሻ ጫፍ ብቻ ነበረች።

ቆረጥኳት።

በሕይወቴ ጀምሬ የጨረስኩት እሱን ብቻ ነው። በድብቅ ሰጠኋት። እሷም ለቤተሰቧ "ከገበያ ነው" ብላ ደጃፋቸው ያለው የጭቃ መደብ ላይ አነጠፈችው።

አባባ ስለ በርኖሱ ሲጠይቁኝ "ክሩ ከደብረ ብርሃን እየመጣ ነው" እላለሁ። በእግሩም ቢመጣ ኖሮ ደርሶ ይመለስ ነበር።

ዛሬ ጠዋት በአሮጌ ጋቢ ሄዱ። ሁለት ሽማግሌ ተከትለዋቸው። እኔም ከኋላ ሄጄ የወይንሸት አባት ግቢ፣ የድንጋይ ካቡ ስር ተጎነበስኩ። አትሳቁ፣ እናንተም ብትሆኑ ትጎነበሱ ነበር።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። የወይንሸት አባት ጋሽ በቀለ "ኧረ ተቀመጡ" ይላሉ፣ አባባ "የለም፣ ጉዳይ አለን" ይላሉ። ተቀምጠውበት ቢሆን ኖሮ እኮ ኮከቧን አያዩዋትም ነበር!

"ልጅዎን ለልጃችን..." ብለው ጀመሩና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። መደቡ ላይ አዩ።

ጎንበስ ብለው ኮከቧን በጣታቸው ዳሰሷት።

"ምነው ጋሽ ላቀው?"

"ይሄ የአስካለ ፈትል ነው።"

"የማን?"

"የአስካለ። ቡናማውን አላዩትም? የበርኖሴ ትከሻ ነው።"

ወይንሸት ተጠራች። "ከየት ነው የገዛሽው?" አሏት አባቷ። እሷ ደግሞ ሁለተኛ መዋሸት አይሆንላትም። ጣቷን ወደ ካቡ ቀሰረች። ለካ እዚያ መሆኔን ታውቅ ነበር።

"ና እንግዲህ፣ ካብ ስር ያለኸው" አሉ ጋሽ በቀለ።

ጉልበቴን ጭቃ በጭቃ አድርጌ ገባሁ።

አባባ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። "ፍታልኝ" አሉ ብቻ።

ወይንሸት ምላጭ አመጣች። "እንካ" አለችኝ። ፊቷን አዙራ ቤት ገባች።

ሁሉም ቆሟል፣ አሁንም የተቀመጠ የለም። እኔ መደቡ ስር ተንበርክኬ ኮከቤን እተረትራለሁ። አይፈታም ደግሞ። ዕድሜ ልኬን ላላ አድርጌ ሰፍቼ፣ እሷን አጥብቄ ሰፍቻታለሁ።

ጋሽ በቀለ እምቢ አላሉም። "ጋሽ ላቀው በርኖሱን ለብሰው የመጡ ቀን እንነጋገራለን። የሽማግሌ ልብስ ያልጨረሰ የልጄን ቤት አይጨርስም" አሉ።

አባባ ተመልሶ ትከሻ የማይሆነውን ቁርጥራጭ መሐረባቸው ላይ ቋጥረው ኪሳቸው ከተቱት። መንገድ ላይ ተከተልኳቸው።

"አባባ፣ ሌላ ሱፍ ብቀጥልበትስ?"

"ሌላማ ሞልቷል ልጄ።"

ከዚያ በኋላ ዞረው አላዩኝም። ሌላ ሱፍ አይለብሱም ማለት ነው። እሳቸው ካልለበሱ ሽምግልና የለም፣ ሽምግልና ከሌለ ወይንሸት የለችም።

አሁን ሱቄ ቁጭ ብያለሁ። በርኖሱ ፊቴ ተሰቅሏል፣ ትከሻ የለውም።

የባሰውን ልንገራችሁ? ኮከቧን ስፈታ የመደብ ልብሱ ላይ የቀረውን የኮከብ ቀዳዳ አየሁና "ይሄማ ለልጅ ካፖርት አሪፍ ዲዛይን ይወጣዋል" ብዬ አሰብኩ። እዚያው። ተንበርክኬ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

ያላመነ ሞላሌ ይምጣ። ጋሽ በቀለን ይጠይቅ። ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ፣ ቆመው ነው ያዩት። ወይንሸትንም ጠይቋት።

እሷ ከመለሰችላችሁ ግን ምን እንዳለች ለእኔም ንገሩኝ።